ፀሐይ አናት ላይ፣ ካሜራ አንገት ላይ

ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ካሜራ የገዛን ሰው መለየት ቀላል ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የከዚራን ሰፈር በእግሩ የሚያቋርጠው እሱ ብቻ ነው። ሱቁ ተዘግቷል፤ ባለሱቁ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ የጫት በርጫውን ይዟል፤ የባጃጁ ሹፌር የኋላ ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል፤ ውሻው እንኳ ከቆመ ጭነት መኪና ስር ገብቷል። የኛ ሰው ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ፣ የሌንስ ቦርሳውን ጀርባው ላይ፣ ትራይፖዱን ብብቱ ስር አድርጎ ወደ ባቡር ጣቢያው ይገሰግሳል። ማታ ያነሳውን ኮምፒውተር ላይ ሲገልጠው ሰማዩ ነጭ፣ ግንቡ ነጭ፣ የሰዉ ዓይን ደግሞ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ። ችሎቱ ወዲያው ይሰየማል፤ ተከሳሹም ለመገኘት አይቸግርም፦ ሌንሱ። ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ «የጀማሪ ነው» ሲባል ሰምቷላ! እኔ ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኜ ልቁም። ክርክሬ አንድ ነው፦ ጥፋቱ የሰዓት እንጂ የዕቃ አይደለም፤ ትክክለኛውን ሰዓት ደግሞ ካሜራ ያልያዘው የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያውም ተኝቶ።

ዕቃን መክሰስ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። የባቡር ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ውድ ሆኖበት እ.ኤ.አ. በ1902 እግርጌው ላይ ድሬዳዋን ከመውለዱ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዚህ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ሐረር አንድ ጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ አርተር ራምቦ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ። ካሜራውን ከሊዮን ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን እጁ የገባው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ዛሬ ዕቃው ሁለት ሳምንት ዘገየብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ቢያስብ አይጎዳም። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ለቤተሰቦቹ የራሱን ፎቶዎች ላከ፦ አንዱ የቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና ተክል መካከል፣ አንዱ ሙዝ ውስጥ እጁን አጣምሮ። አዲስ ካሜራ ሲደርሰው ራሱን አነሳ ማለት ነው፤ «ሰልፊ የዚህ ትውልድ በሽታ ነው» የሚሉ አባቶች እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡን። ፎቶዎቹ ነጣ ብለዋል። ሰበቡንም በደብዳቤው አስረዳ፦ የታጠቡበት ውኃ መጥፎ ነው፣ ወደፊት የተሻለ እሠራለሁ። ውኃው በእርግጥ ጥፋት ይኖርበት ይሆናል፤ የድሬን ውኃ አፍልቶ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ለራምቦ ሊፈርድለት ይቃጣዋል። ግን ልብ በሉልኝ፦ ያኔ ውኃው፣ ዛሬ ሌንሱ። ሰበቡ ዘመነ እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 7 እና በነሐሴ 22 አካባቢ፣ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ቀን በቀትር የቆመ ሰው ጥላውን የሚያገኘው ጫማው ስር ነው። በሌላውም ወር ቢሆን የቀትር ብርሃን ከላይ ይወርዳል፦ ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ ዓይን ያጨልማል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ደግሞ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚያምን የዋህ ነው። ነጭ ግንብ ፊት ሲቆም «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጥቁር በር ፊት ሲቆም «አነሰ» ብሎ ያነጣል፤ ግንቡና በሩ አንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡበት ግን እንደ ክፉ ሽማግሌ ሁለቱንም ያስቀይማል። ውድ ሌንስ ይህን ጠብ አያስታርቅም፤ የዓይኑን ጉድጓድ ይበልጥ ጥርት አድርጎ ማሳየት ግን ይችላል። ጀማሪውን ከሁሉ የሚያመው የአጎቱ ልጅ እዚያው ቆማ በስልኳ ያነሳችው አምሮ መገኘቱ ነው። ስልኩ ተአምር አልሠራም። በአንድ ንክኪ ብዙ ፎቶ አንስቶ ሰማዩን ከዚህ፣ ፊቱን ከዚያ እየወሰደ ይሰፋል። ስልክ ልብስ ሰፊ ነው፤ ካሜራ ምስክር ነው፤ በ7 ሰዓት ደግሞ ምስክር አይፈለግም።

አሁን የድሬን ውሎ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የቀፊራ ገበያ በማለዳ ስትደምቅ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ የቲማቲሙን ክምርና የሻሹን ጥለት ይነካል፤ አቧራው እንኳ ጨረሩን ይዞ ያሳያል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ላይ በጠዋት እያንዳንዷ ዱካ የራሷ ጥላ አላት፤ ቀትር ላይ ያው አሸዋ እንደ ወረቀት ይነጣል። ከዚያ ከተማዋ ትጋደማለች። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ስትነሳ፣ ሱቁ ሲከፈትና የመጋላ ሰፈር ሲሞላ፣ ፀሐይም ዘንበል ብላለች። የከተማዋ ልማድና የፎቶግራፍ መማሪያው ሳይመካከሩ ተስማምተዋል ማለት ነው። መማሪያው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ወርቃማ የሚባለውን የማምሻ ብርሃን ረጅም አድርጎ ይነግረናል። አውሮፓ ውስጥ ፀሐይ በሰያፍ ትንሸራተታለች፤ እዚህ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ወርቁም ግማሽ ሰዓት መሙላቱ ያጠራጥራል። ያን ጊዜ ሌንስ ሲቀያይር ለቆየ ሰው የሚተርፈው ጨለማና ካሜራው ሆድ የገባ አቧራ ነው።

«የሠርግ ፎቶ አንሺው ታዲያ በቀትር እንዴት ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ሰዓቱን የሚወስኑት ሙሽሮቹ ናቸውና ምርጫ የለውም። ግን የሚያደርገውን ተመልከቱ፦ ሙሽሮቹን ይዞ ዛፍ ስር ይገባል። ከዚራ ደግሞ በጥላ የታደለች ናት፤ ሌላው አገር ባለ ቀይ አበባውን ዛፍ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው በከንቱ አይደለም። ፎቶ አንሺው ትምህርቱን የወሰደው ከባለሱቁ ነው፤ ልዩነታቸው እሱ አለመጋደሙ ነው። «ሠራተኛ ነኝ፣ የምፈታው ለምሳ ብቻ ነው» ለሚለውም ቢሆን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚከፈት ቢሮ አላውቅም። ያን ሰዓት የሚሻማው አለቃ ሳይሆን አልጋ ነው።

«ዕቃ ምንም አይጠቅምም ልትለን ነው?» እንዲህስ አልወጣኝም። ማታ መጋላ ውስጥ በአንድ አምፖል ብርሃን የተቀመጠ ሰው ለማንሳት የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው (አፐርቸሩ) እስከ 1.8 የሚከፈት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ጫፉ ላይ 5.6 ከሚያቆመው 18-55 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሒሳብ ነው፤ ከሒሳብ ጋር አልከራከርም። ረጅሙ ዙም ላይ ግን እከራከራለሁ። ጀማሪው ቀጥሎ የሚመኘው እሱን ነው፤ ቀፊራ ያለችውን ነጋዴ «ሳታየኝ» ለማንሳት። ድሬ ላይ ሳይታዩ መቅረት የሚባል ነገር የለም! የመድፍ አፈሙዝ የሚያክል ነገር የደገነ ሰው ከመቶ ሜትር ይጠራል፦ «አቦ! ምንድን ነው የምታነሳው? ና እስቲ!» መጠራቱ ካልቀረ ቀድሞ መሄድ ይሻላል። አጭር ሌንስ ሰላምታ ያስገድዳል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሰላም ማለት የቻለ ጀማሪ ከየትኛውም ዙም የበለጠ ይቀርባል፤ ሻይም ይጋበዛል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ሌንስ አያደርገውም።

ራምቦ መጨረሻው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራውን መሸጡን ለቤተሰቦቹ ጻፈ፤ እያዘነ፣ ግን ሳይከስር። የኛም ጀማሪ በዚያው መንገድ ላይ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ «ከነካርቶኑ፣ ብዙ ያልተሠራበት» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ከቀትር በቀር አልተሠራበትም። ገዢውም ብልጥ ነኝ ባይ ነው፤ ዕቃውን ጥሩ ብርሃን ላይ ሳልሞክር ብር አላወጣም ይላል። ነገ 7 ሰዓት፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተቀጣጥረዋል።