የጋሼ ካምሪ ዲናሞ

የአዲስ አበባን ሶማሌ ተራ የሚያውቅ ሰው ሞተር ከተሠራለት መኪና ጋር አብሮ ይሞታል ብሎ አያምንም። ላንድሮቨር በኢሱዙ ሞተር ሲሄድ፣ ላዳ በቶዮታ ሞተር ዳገት ሲወጣ እያየን ነው ያደግነው። መለዋወጫ አይገኝም፣ አዲስ መኪና አይታሰብም፣ የቤተሰቡ እንጀራ ደግሞ ያለው በዚያችው መኪና ላይ ነው። ስለዚህ መካኒኩ የሌላ መኪና ሞተር ያመጣል፤ ሱፖርቶውን ቆርጦ ይበይዳል፤ ካምቢዮውን ያጋጥማል፤ ባለቤቱም አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ለማስገባት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ይህን ሥራ ሰው «ቅጥልጥል» እያለ ሲያቃልለው ይከፋኛል። አንዱ ለሌላው ያልታሰበ ብረት አስማምቶ ለዓመታት ማስኬድ ምህንድስና ነው፤ የሠሩትም ሰዎች ይህን ሳይሰሙ አለፉ።

አሁን በምኖርበት በቨርጂኒያ ግን ይኸው ሙያ የሚከበርበት ስፖርት አገኘሁ። «24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ» ይባላል። ጄይ ላም የተባለ ሰው በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው የአማተሮች ውድድር ነው። ስሙ 24 ሰዓት ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ቅዳሜና እሁድ በቀን ነው። ዋናው ሕግ መኪናው ከ500 ዶላር በላይ እንዳይፈጅ ነው። ዳኞቹ ዞር ዞር ብለው ያዩታል፣ ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ያለፈ መስሎ ከታያቸው ለእያንዳንዱ 10 ዶላር አንድ ዙር ይቀንሱብሃል። ከመኪናው ላይ ነቅለህ የሸጥከው ዕቃ ግን ከወጪህ ይነሳልሃል። ትልቁ ሽልማትም ለፈጣኑ አይሰጥም፤ የማይሆን መኪና ይዞ ማንም ካልጠበቀው ደረጃ ለደረሰ ቡድን ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያሉኝ የሶማሌ ተራ መካኒኮች ናቸው።

ከሂሳቡ ውጭ የሆነው የደህንነት ዕቃ ነው። ከውስጥ የሚበየደው የብረት ቱቦ አጥር፣ የእሽቅድምድም ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ አንገት መጠበቂያው፣ እሳት የሚከላከለው ልብስ፣ ፍሬኑና ጎማው አይቆጠሩም። አጥሩ ብቻውን የመኪናውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ቤንዚን ሲቀዳ ሹፌሩ ይወርዳል፤ የሚቀዳው ሰው እሳት መከላከያ ልብስ ይለብሳል፤ አንዱ ማጥፊያውን ይዞ አጠገቡ ይቆማል። ርካሽ ውድድር ነው ሲባል ሰው ሕይወት የሚረክስበት ይመስለዋል። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ሳንቲም አይቀነስም፣ እኔም ስፖርቱን ያከበርኩት በዚህ ነው።

መኪናችን የ1991 ቶዮታ ኤም አር ቱ ነው። ሞተሩ ነክሶ ለዓመታት ሣር ላይ የቆመ ነበር። ተነቃይ የጣሪያ መስታወቶቹንና ወንበሮቹን ሸጠን ወጪያችንን አወረድን። ቡድኑ እኔ፣ የእህቴ ልጅና ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ነን፤ ከሁላችንም የምትፈጥነው እሷ ነች። ሞተሩን የመረጡልን ግን ጋሼ ናቸው። ጋሼ አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ መጥተው በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ስለ ሞተር ስንከራከር ሰምተው «ምን ያጨቃጭቃችኋል? የካምሪ ቪ ሲክስ አስገቡበት» አሉን።

ልክ ነበሩ። ባለ 3 ሊትሩ የካምሪ ሞተር ከኤም አር ቱው ካምቢዮ ጋር ብሎን ለብሎን ይገጥማል። የመኪናው የራሱ ባለ 2.2 ሊትር ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው፤ ይኸኛው ወደ 190 ይጠጋል። በየአሮጌ መኪና ግቢው ስለሚገኝም ዋጋው አይጎዳም። ሱፖርቶዎቹን ጋሼ በጠመኔ መሬት ላይ ነድፈው አሳዩን፣ የእህቴ ልጅ በየዳቸው።

ካስቸገረን ሁሉ የባሰው ውሃው ነበር። የኤም አር ቱ ራዲያተር ከፊት፣ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ውሃው በመኪናው ሆድ ሥር በረጃጅም ቱቦ ተጉዞ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በመንገዱ ትንሽ አየር ከቀረበት ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። መፍትሔው ራዲያተሩና ማሞቂያው ላይ ካሉት መተንፈሻዎች ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ሰክቶ፣ ጫፉን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ ከኋላ ውሃ እየጨመሩ መጠበቅ ነው። አረፋው አንድ በአንድ ይወጣል። ቆመ ሲሉት እንደገና ይመጣል። ጋሼ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡና እስኪጠራ ድረስ ዓይናቸውን ከጎማው አላነሱም።

ቀለሙን ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ አደረግነው። እንደ አዲስ አበባ ታክሲ። አሜሪካኖቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁን ደስ እያለን አስረዳን።

ውድድሩ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ላይ ነበር። 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ ያለው ሜዳ ነው፤ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሰህ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስትገባ ፍሬን ላይ አጥብቀህ መቆም አለብህ። ቅዳሜ መኪናው ደህና ዋለ። እሁድ ጠዋት ጎረቤታችን እየነዳች ሳለ የባትሪው መብራት በራ። ዲናሞው ሞቷል። ባትሪው ትንሽ አዘገመላት፤ ከዚያ የቤንዚን ፓምፑ ደከመ፣ ሞተሩ ተንተባተበ፣ መኪናው ከሜዳው ዳር ቆመ። በገመድ ተጎትቶ መጣ።

ከቡድን ቡድን እየዞርን ጠየቅን። ሰው ሁሉ የዕቃ ሳጥኑን ከፈተልን፤ አንዱ ባትሪውን ሰጠን፣ ሌላው ቻርጀር ይዞ መጣ። እዚያ ሜዳ ላይ የሚወዳደርህ ሰው ነው መኪናህን የሚሠራልህ። የሚገጥም ዲናሞ ግን የለም። ያን ጊዜ ጋሼ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩን መጥተው ነበር። የመጡበት መኪና የ2001 ካምሪ ቪ ሲክስ ነው።

«ያ ሞተር ከእኔው ጋር አንድ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ ይተዉት፤ እንዴት ወደ ቤት ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

«እናንተ ሳትጨርሱ የት እሄዳለሁ? ይልቅ አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ቁልፍ አምጡ።»

ካምሪው ላይ ዲናሞው ከፊት ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው ቀበቶውን አላልተው ወዲያው አወረዱት። የእኛው ላይ ግን ያው የሞተሩ ፊት ወደ ሹፌሩ ጀርባ ግድግዳ ዞሯል። እጅ ከላይ አይገባም። የእህቴ ልጅ ከሥር ተንጋሎ ገባ። ብረቱ ገና ስላልበረደ ጨርቅ ጠምጥሞ ነበር የሚፈታው። ጋሼ የእጅ ባትሪ ይዘው በጉልበታቸው ተንበርክከው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፤ አሁን ብሎኑን በጣትህ ጀምረው፣ ቁልፍ አትንካ» ይሉታል። የልጅ ልጆቻቸው ብሎኖቹን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደርድረው ይጠብቃሉ። አጠገባችን ያለው ቡድን የራሱን ሥራ ትቶ ጃክ ያዘልን።

ሞተሩ ሲነሳ የባትሪው መብራት ጠፋ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ሂዱ፣ ሰዓት አትግደሉ» አሉን። ጎረቤታችን ተመልሳ ገባች፤ የውድድሩ ማብቂያ ባንዲራ ሲውለበለብ መኪናው በራሱ ሞተር ሜዳው ላይ ነበር። ከኋላው የቀሩ መኪናዎችም ነበሩ። ከዚያ ዲናሞውን ፈትተን ለካምሪው መለስን፤ ጋሼም ልጆቹን ጭነው ሄዱ።

በአካባቢያችን ጋራዥ ውስጥ እጁ ዘይት የለመደ፣ ሞተር ማውረድና መጫን የሚችል ሐበሻ ብዙ ነው። ልጆቻቸውም መኪና ይወዳሉ፤ ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ እሽቅድምድም የሚገቡ እንዳሉም ሁላችንም እናውቃለን። ለእነሱ የምለው ይኼን ነው፦ ሜዳ አለ፣ ሕግ አለ፣ አምቡላንስ የቆመበት ቦታ አለ። ቡድናችንም አንድ ሹፌር ይጎድለዋል። የራስህን ልብስ፣ ሄልሜትና አንገት መጠበቂያ ገዝተህ ና፤ ሞተር እኛ እናገኛለን።