ፌስታል የለበሰው አላርም

የአየር ትንበያው ሰውዬ ሐሙስ ማታ ካርታውን ሐምራዊ ቀብቶ «ቅዳሜ በረዶ ይጥላል» አለ። ዓርብ ከሥራ መልስ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ መደብር ስደርስ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሷል። ከፊቴ የቆመች እህት ስድስት ጥቅል እንጀራ ታቅፋለች፤ በየጥቅሉ አሥር አሥር።

«ስንት ናችሁ ቤት?»

«እኔና ባለቤቴ።»

«በረዶው እኮ እሁድ ያቆማል አሉ።»

«ምን ይታወቃል ወንድሜ» አለችኝ፣ በእኔ የዋህነት እያዘነች።

ልክ ናት። ስልሳ እንጀራ ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ቀን። እንዲህ የተዘጋጀ ሕዝብ የትም የለም። ፈረንጁ በበኩሉ ማዶ ካለው ትልቅ መደብር ወተት ይሻማል፤ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚበላሸውን ነገር መርጦ።

ማታውን በስልክ እንደዋወላለን። «ተዘጋጃችሁ?» «ኧረ አዎ፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ክትፎውም አለ።» የእጅ ባትሪ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ብጠይቅም ሟርተኛ እባላለሁ። ዶሮው የተሠራው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ የሚሞቀውም በኤሌክትሪክ ነው፣ የቀረው የሚቀመጠውም በኤሌክትሪክ ፍሪጅ ነው። የተዘጋ ፍሪጅ መብራት ከጠፋ በኋላ ምግብ የሚያቆየው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። የኛን ቤት ፍሪጅ በአራት ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ከፍቶ እንደሚያየው ግን የአሜሪካ ባለሙያዎች አላጠኑትም።

የሚገርመው፣ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ስንቅ ከኛ የተሻለ ያወቀበት አልነበረም። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ፍሪጅ አይፈልጉም። ድርቆሽ የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው። አያቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ የያዙትን እዚህ አገር በቆርቆሮ አሽገው «የአደጋ ጊዜ ምግብ» ብለው በውድ ይሸጡታል። እኛ ግን ሠልጥነናል፤ በሶ የጾም ቀን ትዝታ ሆኗል፣ ለማዕበል የሚመጥነው ክትፎ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ወዳጄ ቤት ከገዛ ስምንት ዓመቱ ነው። የብድሩን ወለድ እስከ ሁለተኛው ነጥብ በቃሉ ይነግራችኋል። ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንደሆነ ብጠይቀው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች። በመጨረሻ «ቤቱን የሸጠልን ኤጀንት ያውቃል» አለኝ። ውኃ በረዶ ሲሆን ዘጠኝ በመቶ ያህል ያብጣል፣ ቧንቧም ይሰነጥቃል፤ ጉዱ የሚታየው ግን በረዶው ሲቀልጥ፣ ቤዝመንቱ ሲዋኝ ነው። ያኔ ኤጀንቱ ስልክ እንደሚያነሣ እርግጠኛ ነኝ። በጣም ቀዝቃዛ ሌሊት ቧንቧውን ትንሽ ከፍቶ ማንጠባጠብ እንደሚረዳ ስነግረው ደግሞ «የውኃው ሂሳብስ?» አለኝ።

እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ጣሪያው ቀና ስል ነው ጉዱን ያየሁት። የጭስና የጋዝ አላርሙ ፌስታል ለብሷል። ጥቁር ፌስታል፣ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁሌት በተጣለ ቁጥር ይጮኻል፣ ዕጣን በተጨሰ ቁጥር ይጮኻል፣ ቡና በተቆላ ቁጥር ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። ይህ ዕቃ ባህላችንን አያከብርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ፌስታል ለበሰ፤ ያም አልበቃ ብሎ ባትሪው ወጥቶ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ተሰጠ። ሪሞቱ ዛሬ ደኅና ነው።

«መብራት ቢጠፋስ በምን ትሞቃላችሁ?» ስል ሁሉም ወደ እማማ ዞሩ። እማማ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የተጋፈጡት ሁለተኛው ክረምት ነው። የቤቱ ብቸኛ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እሳቸው ናቸው።

«ከሰል አለ እኮ ልጄ» አሉኝ የቡናውን ምድጃ እያሳዩኝ። «በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ ጭሱ ሲያልቅለት፣ ፍሙን ብቻ አስገባዋለሁ። ፍም ምን ያደርጋል?»

እሳቸውን ማረም የሚችል ሰው አልነበረም፤ የባንክ ሠራተኛ ልጃቸው፣ በኮምፒውተር የተመረቀው አማቻቸው፣ ሁላችንም ፀጥ። ታላቅ ሰው ሲናገር ሳይንስ ቁጭ ይላል። ጭሱ ማለቁ አደጋውን አያስቀርም፤ የሚገድለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የሚወጣውም ከዚያው ከሚያምረው ፍም ነው። አገር ቤትም ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎችን ወሬ እንሰማለን። ያንን ጋዝ ሊያሸት የሚችለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ፌስታል ለብሷል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ ብርድ ወርዶ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት ሲጠፋበት፣ ሂዩስተን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለመሞቅ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሣ፤ እናትና ትንሽ ሴት ልጅ ሞቱ። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት በዚያ ማዕበል የመዘገበው ሟች 246 ነው። ያንን ቤተሰብ የሚወቅስ ካለ ሞቆት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እኔ የምወቅሰው ወሬውን ሰምተን፣ አልቅሰን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ ከዚያ ቤታችን ገብተን ቡና ልናፈላ ፌስታሉን ያጠበቅነውን ነው።

ስለ መኪና ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ቨርጂንያ ላይ በአውራ ጎዳና 95 በረዶ የያዛቸው ሰዎች ከአንድ ቀን በላይ ቆመው ነበር፤ ከመካከላቸው ሴናተር ቲም ኬይን 27 ሰዓት። ያኔ የተማርነውን ወዳጄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምቆታል፦ «የኔ አራቱም ጎማ ይነዳል።» ይነዳል። በረዶ ላይ ለመቆም ሲሞከር ግን አራቱም ጎማዎች አብረው ይንሸራተታሉ። ብርድ ልብስ፣ ውኃና አካፋ መኪናው ውስጥ የሉም፤ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ሽቶ አለ።

ደግሞ እንዳንረሳ፣ ፎቶው አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ዳለስ አየር ማረፊያ ላይ 74 ሳንቲ ሜትር በረዶ ተከምሮ፣ የዋሽንግተን ሜትሮ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ያንን ታሪካዊ ማዕበል ሰነድ አድርገን ያስቀረነው እኛ ነን፤ በነጠላና በጋቢ፣ ጉልበት ድረስ በረዶ ውስጥ ቆመን። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችንን አሮጊት በር ላይ ያለውን በረዶ ማን ጠረገላቸው የሚለው ግን ፎቶ ውስጥ አይታይም።

ያቺ የስልሳ እንጀራዋ እህት እንዳለችው ምን ይታወቃል። በነፍስ ወከፍ ለሦስት ቀን በቀን አንድ ጋሎን ውኃ ያስቀመጠ፣ የውኃውን መዝጊያ ያገኘ፣ ጀነሬተሩን ከቤት ስድስት ሜትር ያራቀ ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ካለ ግን ዝም ብሏል፤ ሟርተኛ እንዳይባል።

እኔ ያን ዕለት ወንበር ላይ ወጥቼ ፌስታሉን አወረድኩት፤ ባትሪውንም ከሪሞቱ አውጥቼ መለስኩ። ማምሻውን ወዳጄ ደወለ። ኳሱን ማየት አልቻልንም ብሎ ነው። እናንተም የእናንተን ስታወርዱ ሁለት ነገር ያዙ፦ ወንበሩን የሚደግፍላችሁ ሰው፣ እና ለሪሞቱ ሌላ ባትሪ።