ራሺያ ተመላሹ የቤቴል ነዋሪ፦ ጠባዩ፣ አመሉና የሚተርከው ብርድ

ራሺያ ተምሮ የተመለሰ ሰው በአዲስ አበባ በየሰፈሩ አለ። ይህ ጥናት ግን በቤቴል ብቻ ተወስኗል፤ አጥኚው የሚኖረው እዚያው ነው፣ ለመስክ ሥራው የታክሲ የሚከፍልለት አካልም አልተገኘም። መረጃው የተሰበሰበው ከለቅሶ ድንኳን፣ ከእድር ስብሰባና ከጦር ኃይሎች ቤቴል ከሚመላለሰው ታክሲ ነው።

ስለ አመጣጡ አከራካሪ ነገር የለም። ሞስኮ ላይ በ1952 ዓ.ም. ኋላ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ወደዚያ አገር የሚሄደው ተማሪ በዛ። ተማሪው አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አምስት ዓመት ገደማ ሙያ ይማራል፤ ተመልሶ አርባ ዓመት ስለ ስድስቱ ዓመታት ያወራል። ኪየቭም ይማር ሚንስክ ወይም ታሽከንት፣ ቤቴል ውስጥ «ራሺያ ነው የተማረው» ይባላል። ሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ፈርሳለች፤ የሰፈራችን እድር ግን ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ እስካሁን አልደረሰውም።

ተመላሹን ከሌላው ነዋሪ ለመለየት የሚከተሉት ምልክቶች በቂ ናቸው።

አንደኛ፣ የበር ደፍ ላይ ቆሞ አይጨብጥም፣ ዕቃም አይቀበልም። ሩሲያውያን ዘንድ ይህ ጠብ ያመጣል ይባላል። በዚህ ምክንያት የእድር መዋጮ ሰብሳቢው ደረሰኝ ሊሰጠው በመጣ ቁጥር ቤት ይገባል፤ ከገባ ሻይ ይጠጣል፤ የቀረው ሰፈር ሳይሰበሰብ ይመሻል።

ሁለተኛ፣ ሰርግ ላይ የሙሽራዋን አበባ ይቆጥራል። ሩሲያ ውስጥ ጥንድ ቁጥር ያለው አበባ የሚወሰደው ለሟች ነው። ስምንት ሆኖ ካገኘው አንዷን ዘለላ መዝዞ ኪሱ ይከታል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ሦስተኛ፣ መንገደኛ ከቤቱ ሲነሳ ቤተሰቡ በሙሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ የሩሲያ የመንገድ ሥርዓት ነው። ባለቤቱ ዝምታው እንዳለቀ የእኛን ምርቃት ትጨምርበታለች። ቦሌ የሚያደርሰው ሾፌር ውጭ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል።

አራተኛ፣ ለማያውቀው ሰው ፈገግ አይልም። ሩሲያ ውስጥ ለመንገደኛ መሳቅ እንደ ቅንነት አይቆጠርም። ቤቴል ላይ ግን ፊቱን ያየ የታክሲ ረዳት መልስ ያጎደለበት መስሎት ሳይጠየቅ ሁለት ብር ይጨምርለታል።

አምስተኛ፣ በክረምት ካፌ ሲገባ ካፖርቱን አውልቆ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። እዚያ አገር ቲያትር ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት መግቢያው ላይ ካፖርት ተቀብሎ ቁጥር የሚሰጥ ሠራተኛ አለ። እዚህ የሚያገኘው ጥበቃውን ነው፤ ጥበቃውም ተቀብሎ ይለብሰዋል።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን የተተረከው ብርድ ነው። ብርዱ በተተረከ ቁጥር ይወርዳል። እንደተመለሰ ሰሞን ከዜሮ በታች 20 የነበረው፣ ልጁ ሲዳር 30 ደረሰ፤ የልጅ ልጁ ክርስትና ላይ 40 ሞላ። ሞስኮ ውስጥ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት በጥር 1932 ዓ.ም. ከዜሮ በታች 42 ገደማ ነው። ክብረ ወሰኑ በቅርቡ ቤቴል ላይ እንደሚሰበር ይጠበቃል። ይህንኑ ብርድ የቻለ ሰው የሐምሌን ዝናብ በሁለት ጋቢ ያሳልፋል፤ ሲጠየቅም «ያኛው ደረቅ ብርድ ነው» ይላል።

ሁለቱ አገሮች በምንም አይገናኙም የሚያሰኘውን ማስረጃችንን አንድ ነገር ብቻ ያፋልሳል። ተማሪው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገናን የምታከብረው ከእኛው ጋር በአንድ ቀን መሆኑን አየ፤ ሁለቱም የድሮውን የዘመን አቆጣጠር ስለያዙ ነው። ይህን ግን ለማንም አያወራም። እዚያ ሳለ ለሩሲያውያን ያወራው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ነበር፤ እዚህ የሚያወራው በረዶ ነው። አንድ የሆነውን ነገር የሚሰማለት በሁለቱም አገር አላገኘም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጎረቤትህ ራሺያ ተመላሽ ከሆነ ደፉን ተሻግረህ ገብተህ ሰላም በለው፤ የገናውንም ነገር አንተው አንሳለት። ሌላ ቀጠሮ ካለህ ግን ስለ ብርዱ አትጠይቀው።