ባለ ሁለት ፊደል የቤት እንስሳ፦ በሀራሙስ ቀላል መስቀለኛ ቃላት ላይ የተደረገ ጥናት

መስቀለኛ ቃላትን ለዓለም ያስተዋወቀው የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ሠንጠረዥ አወጣ፤ አንዱንም ቃል ራሱ ሞልቶ ሰጠ። ስለዚህ ቀላልነት በዚህ ጥበብ ላይ በኋላ የመጣ ጉድለት ሳይሆን አብሮት የተወለደ ጠባይ ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተውም ቀላሉን ዘር ብቻ ነው። ከባዱ ሠንጠረዥ አንባቢውን ዝም ስለሚያሰኝ ለጥናት አይመችም።

የጥናቱ ቦታ ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ ነው፤ ኤምባሲዎችና ባለ አጥር ቪላዎች ያሉበት ሰፈር። በር ከሚጠብቁት፣ ከሚያበስሉትና መኪና ከሚነዱት መካከል የአገራችን ሰዎች አይጠፉም። በሐሩሩ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ከተማው ምሳውን በልቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። መተኛት ያልተፈቀደላቸው ግን በግንቡ ጥላ ሥር ጋዜጣ ዘርግተው «ወደ ጎን» እና «ወደ ታች» ይባባላሉ።

ሀራሙስ የሚደርሱት ሠንጠረዦች በሁለት ቅጂ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የሾፌር ቅጂ ነው፤ በከባድ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ተቀምጦ፣ በጋላፊ በኩል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ፀሐይ አገርጥቶት ይገባል። ሁለተኛው የመጠቅለያ ቅጂ ነው፤ በርበሬ ወይም ንጥር ቅቤ ጠቅልሎ ይመጣል። መዓዛው ከሾፌሩ ቅጂ ቢበልጥም ንባቡ አይታመንም። ቅቤ የነካው ወረቀት በጀርባው ያለውን ማስታወቂያ አሳልፎ ስለሚያሳይ፣ «የወንዝ ስም» የሚለው ጥያቄ «የወንዝ ስም ባለ ሦስት መኝታ» ተብሎ የተነበበበት ከሰዓት አለ።

ሁለቱም ቅጂዎች ከግርጌያቸው «መልሱን በሚቀጥለው እትም ይመልከቱ» ይላሉ። የሚቀጥለው እትም ግን እንደ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ወደዚህ አቅጣጫ ይነሣል፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህም የተነሣ በሀራሙስ አንድ መልስ ትክክል የሚሆነው የሚቃወመው ሰው ለሥራ ሲጠራ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ዓይነት እንለፍ። መዲናዎች በሰላም ይሞላሉ። ወንዞችም እንዲሁ። የሆሄ ጥያቄዎችን፣ ማለትም «ፀሐይ» በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ፣ ከዚያም በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ የሚለውን፣ ለጤናችን ስንል ዘለናል።

የቀረው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ «ወደ ጎን 7፤ የቤት እንስሳ (2)»።

ጉዳዩ ከመሠረቱ ቢታይ ይሻላል። በላቲን ፊደል የሚጫወቱ ሰዎች 26 ሆሄ ይዘው ይሻገራሉ። የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሁለት ቃላት ሲገናኙም ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ጭምር መግጠም አለበት። «ለ» የሚፈልግ ቃል «ላ»ን አያስገባም። አዘጋጁ ከዚህ መከራ የሚያመልጠው ጥቁር ሳጥን እያበዛ ነው፤ ጥቁር ሳጥን ሲበዛ ደግሞ ማንም የማይሻገርበት፣ ምስክር የሌለው ነጭ ሳጥን ይፈጠራል። የወደ ጎን 7 የመጀመሪያው ሳጥን እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛውን የሚሻገረው ጥያቄ በቅቤ ተበልቷል።

ስለዚህ ወደ አንድምታ እንሄዳለን። አንድም ላም ናት፤ ትታለባለችና። አንድም በሬ ነው፤ ላሟ ያለ እርሱ ከወዴት ትገኛለች? አንድም በግ ነው፤ ዓመት በዓል ያለ እርሱ አይከበርምና። አንድም ጥጃ ነው፤ ላምም በሬም ትናንት እርሱን ነበሩና። አንድም ዶሮ ናት፤ ወፍ እንጂ እንስሳ አይደለችም ቢሉ፣ ከሁሉ ይልቅ ከቤት የማትርቅ እርሷ ናትና። አንድም ውሻ ነው፤ ይህን ለብቻው እናየዋለን። ፍየል፣ ግመል፣ አህያና ድመት ባለ ሦስት ፊደል ስለሆኑ ከጉባኤው ተወግደዋል። በክርክሩ መሐል ከግንቡ ሥር ካርቶን ስትበላ የነበረች ፍየል ሁለት ጊዜ ብትጮኽም አቤቱታዋ አልተመዘገበም።

ሾፌሩ የበሬ ወገን ነው፤ አርሶ ያደገ ልጅ ነው። ወጥ ሠሪዋ ከዶሮ ንቅንቅ አትልም። ውሻን የያዙት ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩት የበሩ ጥበቃ ናቸው፤ ወንበሩ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል።

«ጋሼ፣» አለች ወጥ ሠሪዋ፣ «ውሻ የቤት እንስሳ ከሆነ ለምን ውጭ ያድራል?»

«እኔስ የት ነው የማድረው፣ ልጄ? የቤቱ ሰው አይደለሁም?»

ለዚህ የሚሰጥ መልስ ስላልተገኘ ሁለቱ ሳጥኖች «ውሻ» ተብለው በእስክሪብቶ ተሞሉ። ሾፌሩ ግን የቤቱ ጌታ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ጥበቃውን እስኪጠሯቸው ጠብቆ፣ «ው»ን ወደ «በ»፣ «ሻ»ን ወደ «ሬ» ለማዞር ሞክሯል። ውጤቱ በ231ዱ ውስጥ የማይገኙ ሁለት አዳዲስ ፊደላት ናቸው።

ከዚህ በኋላ የፈቺዎችን መደብ ልንዘረዝር አቅደን ነበር፤ በእርሳስ የሚሞሉ፣ በእስክሪብቶ የሚሞሉ፣ በአፋቸው ብቻ የሚሞሉ እያልን። ትተነዋል። ከባድ ጥያቄ አንድ አዋቂ ይፈልጋል፤ ቀላል ጥያቄ ግን ሁሉም ሰው መልስ ያለው ጥያቄ ስለሆነ፣ በሀራሙስ ያገኘነው አንድ የፈቺ ዓይነት ብቻ ነው፦ ያልተሸነፈ።

አዘጋጆቹ «የምትታለብ» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ ነገሩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። እባካችሁ አትጨምሩ። ቪላው የሚነቃው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው።