ጋቢ በበረሃ፦ ከዳላስ እስከ ካርልስባድ ዋሻ የተካሄደ የመስክ ጥናት

ምሁራን እስካሁን ያልነኩት አንድ ጥያቄ አለ፦ በሐምሌ ንዳድ የምዕራብ ቴክሳስን በረሃ የሚያቋርጥ የሀበሻ ቤተሰብ ጋቢ የሚይዘው ለምንድን ነው? የዚህ ጥናት አቅራቢ (ሾፌሩም እሱው ነው) ጉዳዩን ከዳላስ እስከ ኒው ሜክሲኮ መሪ ጨብጦ መርምሯል።

የጥናቱ ናሙና አንዲት ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አማቴ እማማ ናቸው። እማማ ጋቢውን አጣጥፈው ሲይዙ ልጆቹ ሳቁ። ሚስቴም «እማዬ፣ ውጭው እኮ እሳት ነው» አለች። «የምንሄደው ጉድጓድ አይደል እንዴ?» አሉ እማማ። መላምቱ በዚህ መልኩ ቀረበ።

ኢንተርስቴት 20 ለምርምር የተመቸ መንገድ ነው፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ ሐሳብ አይበተንም። ሚድላንድና ኦዴሳ አካባቢ የነዳጅ ማውጫ ማሽኖች አንገታቸውን ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። እማማ ሰላምታ መስሏቸው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጸፋውን መልሰዋል። ፔኮስ ላይ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ርቀት የሚቆጠረው በማይል ሳይሆን በማደያ ነው፤ ልጆች ካሉ ደግሞ በሽንት ቤት።

የኒው ሜክሲኮን ድንበር ስንሻገር የመኪናው ሰዓት 9፣ ስልኬ 8 ይል ነበር፤ ሁለቱ ግዛቶች በአንድ ሰዓት ይለያያሉና። የእማማ የእጅ ሰዓት ከአዲስ አበባ ንቅንቅ ብሎ ስለማያውቅ ከምሽቱ 5 ሆኗል። በዚህ ስሌት እማማ የእንቅልፍ ሰዓታቸው አልፎባቸዋል።

በማግስቱ ዋሻው ደረስን። ከንጹሕ ውኃ በቀር ምግብም ሆነ መጠጥ ይዞ ወደ ዋሻው መግባት ክልክል ስለሆነ ዳቦ ቆሎው መኪና ውስጥ ቀረ። ጋቢን የሚከለክል ሕግ ግን የለም።

አሳንሰሩ 230 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወስዳል። ጂም ኋይት የተባለው ከብት ጠባቂ በመጀመሪያው ዘመን ጎብኚዎችን ያወርድ የነበረው የሌሊት ወፍ ኩስ በሚወጣበት ባልዲ ነበር። ይህን ስነግራቸው እማማ አሳንሰሩን መረቁት።

«ማን ፈለፈለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ብዙ ዋሻዎች ደካማ በሆነ ካርቦኒክ አሲድ ሲቦረቦሩ፣ የዚህኛውን የኖራ ድንጋይ የበላው ግን ሰልፈሪክ አሲድ እንደሆነ አስረዳሁ። አሲዱ የተፈጠረው ከነዳጁ ክምችት የወጣ ጋዝ ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው፤ ማለትም ትናንት ሰላም ያሏቸው ማሽኖች ዘመድ ነው። እማማ ጣሪያውን ደጋግመው አዩት። «አሲድ እጅ አለው እንዴ?» ላሊበላን ያየ ሰው በቀላሉ አያምንም።

ዋናው ግኝት የተመዘገበው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዋሻው ክረምት ከበጋ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በመጀመሪያ ትንሹ ልጅ፣ ቀጥሎ እህቱ፣ ከዚያ ያቺ «እሳት ነው» ያለችው ሚስቴ ጋቢው ሥር ገቡ። ተመራማሪው ሳይንሳዊ ገለልተኝነቱን ለመጠበቅ በሸሚዝ 20 ደቂቃ ያህል ተቋቁሟል። ከዚያ በኋላ ያለው መረጃ የተሰበሰበው ከጋቢው ውስጥ ነው።

አንድ ጋቢ ለአምስት ሰው አይበቃም። ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ አንባቢያን ሁለት ያዙ።