ይድረስ ለእማዬ፤ ጉዳዩ፦ ጠጉር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ሐሙሲት

ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ ስለሆነ አስቀድሜ ላስጠንቅቀው፦ አንተ ልጅ፣ ከራስህ እየጨመርክ እንዳታነብ! የሚዘለል ነገር ሲኖር እኔ እነግርሃለሁ።

ፎቶዬን በስልክ አይተሽ «ይህችን ልጅ ራሷን ዶሮ ጫረባት እንዴ?» ማለትሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። መሐሉ ሳስቷል፣ ጫፉም ተቆራርጧል። የዚህ አገር ብርድ አንድ ነገር ነው፤ የቤቱ ማሞቂያ ደግሞ አየሩን አድርቆ አድርቆ ከንፈርም ጠጉርም ያሰነጥቃል። ማለስለሻ ኬሚካሉን ግን ትቼዋለሁ። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ አሁንም እንደምትቀባ ሰምቻለሁና ይህችን አንብቡላት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው አንድ ጥናት አውጥተዋል። ማለስለሻ የሚያዘወትሩት ሴቶች በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሽታው ራሱ ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ ቢሆንም ለሉጫ ጠጉር ተብሎ የሚገባበት ቁማር አይመስለኝም።

ስለዚህ «እናቶቻችን ያደርጉት ወደነበረው እንመለስ» አልን። አልን የምልሽ ሦስት ስለሆንን ነው። አንዷ የአዲስ አበባ፣ አንዷ የደሴ ልጅ ናት። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል፣ ሐበሻ እንደ አሸን በፈላበት ከተማ ነው። ጥምቀት እየደረሰ ስለነበር «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ወደ ጠጉር አዛወርነው።

መጀመሪያ የያዝነው ሩዝ ነው። ሳትስቂ አድምጪኝ። እዚህ ሴቱ ሁሉ ራሱን በሩዝ እጣቢ መታጠብ ይዟል። ነገሩ የመጣው ከቻይና ነው። ሁዋንግሉዎ የምትባል መንደር አለች፤ የያኦ ሴቶች የሚኖሩባት። ጠጉራቸው ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የሚቆረጡትም በዕድሜያቸው አንዴ፣ 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው አሉ። የሚታጠቡት ደግሞ እስኪኮመጥጥ በተቀመጠ የሩዝ እጣቢ ነው። እኔ የደራ ልጅ፣ ይህን ከሰው አገር ሰው ልስማ? ኤክስ ጂግና የሚባለው የሩዝ ዘር ስሙን ያገኘው ከኛው ከደራዋ ጂግና አይደለም እንዴ? በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን መጥተው ፎገራን ሩዝ ካስተማሩት ወዲህ ስንት ጋን እጣቢ ለጥጃ ሰጥተናል? የጥጆቻችን ጠጉር እንዲያ ያብረቀርቅ የነበረው ለካ ያለ ነገር አልነበረም።

እጣቢውን በጠርሙስ አድርጌ ማሞቂያው አጠገብ አኖርኩት። ኮመጠጠ፣ አረፋም ደፈቀ። እኔ የአዳር ሥራ ስለምገባ (አረጋውያን መጦሪያ መሆኑን ነግሬሻለሁ) ሌሊት ቤት የለሁም። የደሴዋ ልጅ ሊጥ ልታቦካ ተነሥታ እርሾ ብታጣ ጠርሙሱን ከፈተች፣ አሸተተች። «ይህች ልጅ እኮ ባለሙያ ናት፣ እርሾ አስቀምጣልናለች!» ብላ እስከ ዝቃጩ ገለበጠችው። ሊጡ ኩፍ ሲል ጋገረችው። እማዬ፣ አሜሪካ ከገባሁ እንዲያ ያለ እንጀራ አላየሁም! ከዳር እስከ መሐል ዓይን በዓይን፣ ጀርባው ልስልስ ያለ፣ ሲጠቀለል የማይሰበር። ምን እላለሁ? በላሁ። ኋላ እውነቱ ሲወጣ የአዲስ አበባዋ ልጅ «ታዲያ አሁን ጠጉሩ በየት በኩል ሊበቅልብን ነው?» ብላ ሆዷን ያዘች። ለራሴ ሌላ ጠርሙስ አዘጋጅቼ ታጥቤበትም ነበር፤ ሲደርቅ እንደ አዲስ ነጠላ ድርቅ ብሎ ቆመብኝ። ከዚያ ወዲህ እጣቢ በቤታችን ለምጣድ እንጂ ለራስ አይውልም።

ቀጥሎ ወደ ቅቤ ሄድን። የሐበሻ ሱቅ ቅቤ ሞልቶታል፤ ግን በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ነው። ያንን ብቀባ መንገደኛው ሁሉ እንጀራ ይዞ ይከተለኛል። ስለዚህ ክሬም ገዝተን፣ ቅል የለ መናጫ የለ፣ በጠርሙስ ተራ በተራ ናጥነው። ወጣልሽ! በቀዝቃዛ ውኃ አጥበን አሬራውን አወጣንለት። ሹሩባ ተሠርቼ፣ ተቀብቼ፣ ሻሽ አስሬ ወደ ሥራ ወጣሁ።

ውጭው ከዜሮ በታች ነበር። አውቶቡስ ስጠብቅ ቅቤው ራሴ ላይ ረግቶ ቀረ፤ በጣቴ ስነካው ይሰበራል። መጦሪያው ውስጥ ደግሞ አረጋውያኑ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያው ሌት ተቀን አይጠፋም። አልጋ ሳነጥፍ ቅቤው ከሻሹ ሥር ተነሣ። መጀመሪያ በጆሮዬ በኩል፣ ከዚያ በማጅራቴ ወርዶ የዩኒፎርሜን ኮሌታ አራሰው። አንዲት ዘጠና ያለፋቸው እናት ቀና አሉና «ኬክ ሸተተኝ፤ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ሰሙ። ሽማግሌው ለኮሪደሩ ነገሩ። ያን ሌሊት ፎቁ በሙሉ እንቅልፉን ትቶ ኬክ ሲጠብቅ አደረ፤ አለቃችን ብስኩት አስመጥታ ነው የገላገለችን። ኬኩ እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልተናገርኩም።

እዚህ ላይ ነው ያንቺ ሥራ የገባኝ። ቅቤ ደኅና አድርጎ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኝ ነው። አንቺ ቀብተሽን «ደጅ ፀሐይ ሙቁ» ስትይን እኛ ከቤት ልታስወጪን ይመስለን ነበር። ፀሐዩ ያቀልጠዋል፣ ራሳችን ይጠጣዋል፣ የተረፈውን ታጥበን እንገባለን። የምትጨምሪበት አደስ ደግሞ ሽታውን ይገራዋል። አደስ ያልገባበት ቅቤ ውሎ ሲያድር ምን እንደሚሸት ትራሴን ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር።

እሬት ግን ሠርቶልኛል። ሱፐርማርኬት አንዱን ቅጠል ለብቻው፣ ዋጋ ለጥፈው ይሸጡታል፤ ሐሙሲት አጥር ሥር በቅሎ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። (አንተ ልጅ፣ ይህን ዝለለው፦ ወንድሜን ጡት ልታስጥዪው እሬት የተቀባሽ ጊዜ ያን ያህል አልቅሶ ማታውን ተመልሶ መጥባቱን ለአሜሪካኖቹ ሁሉ ተርኬላቸዋለሁ።) ያ መራራው ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ እሱ ቆዳም ያሳክካል። ቅጠሉን አቁሜ እሱን አንጠፍጥፌ ውስጡን ብቻ እቀባለሁ። በሥራ ቦታ ሳሙናና አልኮል የላጠው እጄ አሁን እጅ መስሏል።

ሎሚ የአዲስ አበባዋ ልጅ ነገር ነው። በጋውን ፊቷን «ሊያጠራልኝ ነው» ብላ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ወጣች። የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ አንድ ላይ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ጉንጯ ላይ የቀረው ጥቁር ምልክት እስኪለቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ኩልም እንዳትልኪልኝ፤ ብዙው እርሳስ ያለበት ስለሆነ እዚህ መንግሥት አይፈቅደውም። ከሰማይ የወረደ ይመስል «ተፈጥሯዊ ነው» ሲሉኝ አሁን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምኑ? በምን ላይ?» ብዬ ነው።

የደሴዋ ልጅ ደግሞ በእንዶድ ካልታጠብኩ ብላ ነበር። አንቺ ጋቢ ልታጥቢበት ስትወቅጪው ጎረቤቱ ሁሉ ያነጥስ የለ? እዚህም ዱቄቱን ከፍታ ሦስታችንም በማስነጠስ ልናልቅ ነበር። ተቀምጬ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያ ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያስመሰከረው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትልቁን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት። «እኔ ቀንድ አውጣ የገደለ ነገር ራሴ ላይ አላደርግም» አለችና ዱቄቱን አሰረችው። የልብስ ሳሙና መሆኑን እኮ ከጅምሩ ነግሬያት ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የሐሙስ ገበያ ስትወጪ ደረቅ አደስ ግዢልኝ፤ ጥቂት ጥቁር አዝሙድም ጨምሪበት። የሚመጣ ሰው ስታገኙ እስከ ባሕር ዳር አድርሱት፣ ከዚያ እኔ አስመጣዋለሁ። ለአንድ ራስ ቅቤ ምን ያህል አደስ እንደሚገባም ንገሪኝ። «በዓይንሽ ገምቺ» እንዳትዪኝ፤ የኔ ዓይን የገመተው ኬክ ሆኖ ቀርቷል።

ያንቺንም ጥያቄ ተቀብያለሁ። «ቅቤው ሰለቸኝ፤ ያን አረፋው የሚበዛ፣ ሽታው የሚያውድ ሻምፖ ላኪልኝ» ብለሻልና ትልልቁን ጠርሙስ ገዝቼ አሽጌዋለሁ። ወደ ዓይንሽ እንዳይገባ ስትታጠቢ ጨፍኚ። አንተ ልጅ፣ አንብበህ ስትጨርስ እጅህን ከሻምፖው አንሣ፤ ስንት ጠርሙስ እንደሆነ ለእማዬ በስልክ ነግሬያታለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ