ስርዝ ድልዝ የሌለበት

በአገራችን ሐቀኛ ጨረታ የለም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። አዲስ ልሳን ጋዜጣን ገልጠው አያውቁም ማለት ነው። የትምህርት ቤት አጥር፣ የጤና ጣቢያ መጸዳጃ፣ የወረዳ አዳራሽ ጣሪያ፣ የኮብልስቶን ጥገና ሁሉም በጨረታ ነው። ጥብቅነቱስ! የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የዘመኑ ግብር ማስረጃ፣ ቲን፣ ቫት፣ በሲፒኦ የተያዘ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ኦርጅናልና ኮፒ ለየብቻ በታሸገ ፖስታ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ዋጋ። በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ስርዝ የተከለከለው ለተጫራች ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ልደታ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ለሥነ ሥርዓት ያለን አክብሮት ልዩ ነው። የማወራው የትኛው ወረዳ ነው ብላችሁ አትልፉ፤ የሁሉም ፋይል በአንድ ዓይነት ክር የታሰረ ነው። ሳጥኑ 4፡00 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ 4፡30 ላይ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። ተጫራቾቹም ይገኛሉ፤ ሦስቱም በአንድ መኪና መጥተው፣ ለይሉኝታ ያህል በየተራ ይገባሉ። ፖስታው ሲቀደድ የሦስቱም ማኅተም የተለያየ ነው። ሦስቱም ግን «ሲሚንቶ»ን «ሲሚቶ» ብለው ጽፈዋል፤ ሦስቱም በዚያው በሰባተኛው መስመር ላይ የመደመር ስህተት ሠርተዋል። ኮሚቴው ስህተቱን በትጋት ያርማል፣ በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል፣ ይፈርማል። እንዲህ ያለ የተቋራጮች የሐሳብ አንድነት በየትኛው አገር ይገኛል?

ነገሩ ሠርግ ነው። ሙሽራው ካርዱ ሳይታተም ይታወቃል፤ የቀሩት ሁለቱ ሚዜዎች ናቸው። ሚዜ ደግሞ ሲያጅብ አይኖርም፤ በሚቀጥለው ጨረታ እሱም በተራው ይዳራል። ሳያውቅ ዋጋውን አስልቶ፣ ሰነዱን በማይመለስ ብር ገዝቶ የመጣ አራተኛ ተጫራች ካለ፣ ለእሱም መላ አይጠፋም፦ ኮፒው ላይ አንድ ገጽ ማኅተም የለውም። ውድቅ።

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ የመንግሥቱ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብለው መግለጫ ሲሰጡ አገሩ ጉድ አለ። የድርጅቱ ኃላፊዎችም እዚሁ እኛ ሰፈር፣ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ቆሙ። ጥፋተኝነቱ የዳኞች ጉዳይ ነው፤ እኔን የደነቀኝ የተባለው ስንፍና ነው። 37 ቢሊዮን ብር ይዞ ሦስት ፖስታ ማሸግ ያቅታል? አንድ የወረዳ ግዥ ሠራተኛ ቢያማክሩ ኖሮ፣ ከማስታወቂያው እስከ ግምገማ ሠንጠረዡ፣ ለተሸናፊዎች የሚጻፈው ደብዳቤ ሳይቀር፣ በአንድ ከሰዓት አሟልቶ ይሰጣቸው ነበር።

ኦዲተር የሚያየው ፋይል ነዋ! ማስታወቂያው አለ፣ ቃለ ጉባኤው አለ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተመርጧል። ፕላኑ ላይ ባለ 12 የተባለው ፌሮ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ባለ 8 መሆኑን ወረቀት አይናገርም። ዝቅ ያለው ዋጋም ቢሆን «ተጨማሪ ሥራ» እየተባለ ቀስ በቀስ ከፍ ማለቱን ያውቅበታል።

በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ አሥር ወር ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አጥር ግንቦት ላይ በድንገት አንገብጋቢ ይሆናል። ለግልጽ ጨረታ ቀን የለም። ግዥን መከፋፈል ሕጉ ይከለክላል፤ አጥርን መከፋፈል ግን ማን ይከለክላል? የፊት አጥር አንድ ፕሮጀክት፣ የጎን አጥር ሌላ ፕሮጀክት፣ የኋላው ሦስተኛ። እያንዳንዱ በፕሮፎርማ ያልቃል። መሠረቱ ሐምሌ ላይ ይቆፈራል፣ ዝናቡ ይሞላዋል፣ ውሃ መቅጃውም ሌላ ክፍያ ይጠይቃል።

ሕግ ጎደለን እንዳትሉ። የፌዴራሉ አዋጅ 649/2001 ግልጽ ጨረታን ዋነኛው መንገድ አድርጎ ደነገገ፤ በ2016 ደግሞ በ1333 ተተካ። የኤሌክትሮኒክ ግዥም መጥቷል። ሳጥኑ ሲቀር ሚዜዎቹ ላፕቶፕ ይገዛሉ፤ ሌላ ምን ይቀየራል?

የግንባታ ዘርፍ ግልጽነት ኢኒሼቲቭ፣ በአጭሩ ኮስት፣ ሲሞከር ኢትዮጵያ ከጀማሪዎቹ ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ሐሳቡ ውስብስብ አይደለም፤ ሕዝብ ሥራው በስንት ውል እንደተገባበትና በስንት እንዳለቀ ይወቅ ነው። እኛ ሰፈር የሚተከለው ሰሌዳ ግን አሠሪ፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ ብሎ ያበቃል። እባካችሁ ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩልን፦ የውሉ ዋጋ፣ ሥራው ያለቀበት ዋጋ፣ የተሸነፉት ተጫራቾች ስም። ቀለሙን እኛ የልደታ ነዋሪዎች አዋጥተን እንገዛለን፤ ያለ ጨረታ።